ማንን አትነኪም?

ያመለከትኩበት የመጀመሪያው የማሳጅ ትምህርት ቤት ወንበሩ ሳይሞቅልኝ ተቀበለኝ። ቅበላ ክፍል ያገኘኋት ልጅ ፈገግታዋ ደስ ይላል። ሁለተኛ ደረጃ መጨረሴን ጠየቀችኝ፣ መታወቂያዬን አየች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍያ ገባን። በአንዴ ነው የምትከፍዪው ወይስ በየወሩ? ብድር ያስፈልግሻል? የቀን ይሻልሻል የማታ? መልሴን ኮምፒውተሯ ላይ ሞላች። «እንኳን ደስ አለሽ!» ብላ እጄን ጨበጠችኝ።

ደረጃውን ስወርድ ግን ደስ አላለኝም። እዚህ ቤት ተምሬ የማላውቀውን ሰው ገላ ልነካ ነው። ልጅቷ ደግሞ ስለ ጠባዬ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ሰው ሲቆጣኝ ምን እሆናለሁ? ሰው እምቢ ሲለኝስ? ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ሌላው አልገባሁም ብሎ ያለቅሳል፣ አንቺ ገባሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አልተዋጠልኝም።

ስለዚህ ሌላ ትምህርት ቤት አመለከትኩ። እዚያ ኢንተርቪው ያደረጉልኝ መምህርት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ጥያቄው አጭር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሥራ ላይ ሆኜም፣ አልጋዬ ላይ ሆኜም ይመላለስብኛል። የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

## ወረቀቱ

ማሳጅ ቴራፒ ለመማር ለምን እንደፈለግኩ ባጭሩ ልለፈው። ብዙ ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ትከሻዬ አልነቃነቅ ሲል ቴራፒስት ጋ መሄድ ጀመርኩ። አልጋው ላይ በሆዴ እንደተኛሁ «ይሄን ሥራ እኔስ ብሠራው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቤት ውስጥም ድሮውንም ትከሻ የማሸው እኔ ነኝ። «እጅሽ መድኃኒት ነው» እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ልብ ደገፈኝ ብል ውሸት ይሆናል። አጎቴ «ማሳጅ?» አሉና ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ። ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል፣ እሳቸውም እንደገባኝ ገብቷቸዋል። ወሬውን ቀየርን።

ማመልከቻው ራሱ አድካሚ እንጂ ከባድ አይደለም። የትምህርት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና የክትባት ወረቀት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የወንጀሉ ወረቀት መጀመሪያ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። ቆም ብዬ ሳስበው ግን ትክክል ነው። ሥራው በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ልብሱን ካወለቀ ሰው ጋር ብቻ ለብቻ መሆን ነው።

የከበደኝ «ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ?» የሚለው ጽሑፍ ነበር። ጽፌ ሰረዝኩ፣ ጽፌ ሰረዝኩ። መጨረሻ ላይ የቀረው «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚል ነገር ነው። አመልካቹ ሁሉ ይህን ሳይጽፍ እንደማይቀር እገምታለሁ። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ከዚያ ውጪ ምን እንደሚባል ስለማናውቅ ነው።

ለኢንተርቪው ስዘጋጅ ደግሞ ታሪክ አጠናሁ። ስዊዲሽ ማሳጅ የሚባለው በስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839 እ.ኤ.አ.) ስም ይጠራል። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሸመደዱትን የማሻ ዓይነቶች መልክ በማስያዝ ግን ብዙዎች የሚጠቅሱት ሆላንዳዊውን ሐኪም ዮሃን ሜዝገርን ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ሄድኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

## ከጠረጴዛው ወዲያ

መምህርቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ጥፍራቸው እስከ ሥጋው ተቆርጧል። ፋይሌን ከፍተው ትንሽ አዩትና ዘጉት። «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። «አውራ ጣትሽን ያምሻል? የእጅ አንጓሽንስ?» እንደማያመኝ ነገርኳቸው። «ገና ነው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ብዙ ቴራፒስት ሥራውን የሚያቆመው ደንበኛ አጥቶ ሳይሆን አውራ ጣቱ አልሠራ ብሎት እንደሆነ ነገሩኝ። ለዚህ ነው ተማሪው በጣቱ ከመጫን ይልቅ በሰውነቱ ክብደት ዘንበል ማለትን የሚለማመደው። እኔ ቤት ውስጥ ስሠራ የኖርኩት በአውራ ጣቴ ነው።

ቀጥለው ማሳጅ ተደርጎልኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሳያመለክቱ በፊት ባለሙያ ጋ ሄዶ መታሸትን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጥያቄው አልገረመኝም። የገረመኝ ቀጣዩ ነው። «አልጋው ላይ ሆነሽ ልትናገሪ ፈልገሽ ዝም ያልሽው ነገር አለ?»

ነበር። አንድ ቀን ቴራፒስቱ ወገቤን ከልክ በላይ ጫነኝ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ሲጨርስ «በጣም አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ሁሉም እንደዚያ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ አልጋ ላይ የሚተኛው ሰው ግን ከጨዋነቱ የተነሳ ይደብቃል። ልብሱን አውልቆ፣ ፊቱን ቀብሮ፣ ማንን ይቆጣል? እሱ እስኪናገር ከጠበቅሽ ትጎጂዋለሽ። መጠየቅ ያንቺ ሥራ ነው።»

ዘና ማለት ጀምሬ ነበር። የዚህን ጊዜ ነው የጠየቁኝ።

«ማንን አትነኪም?»

መጀመሪያ የመጣልኝ ባለጌ ሰው ነው። የሰከረ፣ እጁን የሚሰድ፣ ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣ። ይህንን አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሱ ቀላሉ ነው። እጅሽን አንስተሽ፣ ማሳጁን አቁመሽ፣ ከክፍሉ ትወጫለሽ። ማንም አይወቅስሽም። እኔ የምጠይቅሽ ስለ ደጉ ሰው ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር እንዳስብ አደረጉኝ። አንዲት ሴት ትመጣለች። ትሑት ናት። ረጅም በረራ አድርጋ ነው የመጣችው። አንዱ ባቷ ያማታል፣ ትንሽም አብጧል። ከፍላለች፣ አልጋው ላይ ወጥታለች። «ሌላውን ተዪው፣ እባክሽ እሱን ብቻ እሺልኝ» ትላለች። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ምን ታደርጊያለሽ?»

እውነት ለመናገር እጄ ጭኔ ላይ ተንቀሳቀሰ። የሚያመውን ቦታ ሲያሳዩኝ ማሸት ነው የማውቀው። «እጅሽ መድኃኒት ነው» የተባለ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? ግን መምህርቷ አተያያቸው አስጠነቀቀኝ። «ምን እንደሆነ አላውቅም። ስለማላውቅ አልነካውም» አልኳቸው።

ይህን ስል ያለፍኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም።

«ትለምንሻለች።»

«አልነካውም።»

«ትቆጣለች። ሌላዋ ጋ ስሄድ ታሽልኛለች ትልሻለች። ገንዘቧን ትጠይቃለች። አለቃሽ ይጠሩሻል። ሥራ ከጀመርሽ ገና ወርሽ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ዝምታውን አልሞሉልኝም። ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ጠበቁኝ። እኔ በበኩሌ መልስ እየፈለግኩ አልነበረም። ያቺን የሌለች ሴት ፊት እያየሁ ነበር። ማስቀየሟ ከበደኝ። ስለሌለች ሴት ነው የምንነጋገረው! ግን ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ።

መጨረሻ ላይ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ትቆጣ። ግን ለምን እንደማልነካት እነግራታለሁ። ሐኪም ጋ እንድትሄድም እለምናታለሁ።»

መምህርቷ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። የአንድ እግር ማበጥ፣ መሞቅ፣ መቅላት፣ የባት ሕመም፤ እነዚህ ወደ ውስጥ ባለው ደም ሥር ላይ ደም የመርጋት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ አንዱ አጋላጭ ነው፣ ቀዶ ጥገናም እንደዚሁ። የረጋው ደም ከቦታው ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ባት ማሸት ደግሞ ያን ደም ሊነቅለው ይችላል። የጡንቻ ሕመም ብቻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ይህን ለመለየት ግን ምርመራ ያስፈልጋል፣ መመርመር ደግሞ የማሳጅ ቴራፒስት ሥልጣን አይደለም።

## ገና ላልተማረ ሰው ለምን?

ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የተሰማኝ ትንሽ ንዴት ነው። ይህን ለመማር አይደል የመጣሁት? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፣ እሳቸው ገና ሳልማር ጥምጣሜን እንዴት እንደማስር ጠየቁኝ። ስለ ደም መርጋት የማያውቅን ሰው ስለ ደም መርጋት መፈተን ፍትሐዊ ነው?

ቀናት ሲያልፉ ግን ጥያቄው ስለ ደም መርጋት እንዳልነበረ እያመንኩ መጣሁ። እሱን መጽሐፍ ላይ አገኘዋለሁ። ትኩሳት ያለበትን፣ የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ያለበትን፣ ገና ያልዳነ ስብራት ወይም ቁስል ያለበትን ሰው በተመለከተ ምን እንደሚደረግ ይነግሩኛል። በአንገት የፊት ለፊት ጎን፣ በጉልበት ኋላ፣ በብብት፣ በብሽሽት አካባቢ ለምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያስተምሩኛል። ደም ሥሩና ነርቩ እዚያ ጋ ወደ ላይ ቀርበው ስለሚያልፉ ነው። ይህ የሚሸመደድ ነገር ነው።

የማይሸመደደው የሰው ቅሬታ ፊት መቆም ነው። ወደዚህ ሙያ የምንመጣው እነማን ነን? ብዙዎቻችን እሺ ባዮች ነን። ሰው ሲያመው ማየት የማንችል፣ ሲጠይቁን እምቢ የማንል፣ ምስጋና የምንወድ። እኔ ማመልከቻዬ ላይ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብዬ የጻፍኩት እንደ ትልቅ ብቃት ቆጥሬው ነው። እሳቸው ያንን አንብበው ይመስለኛል ቀጥታ ወደዚያ የመጡት። መርዳት የምትወድ ሴት፣ ረዳሁ ብላ የምትጎዳው ሰው ፊቷ ሲቀርብ ምን ታደርጋለች? የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይህን ለማወቅ አልፈለገም። ወይም ደግሞ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም።

ሙያው ራሱ በዚህ መንገድ ነው ያለፈው። በ1894 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ማሳጅ ስሙ ጠፍቶ ነበር። «ማሳጅ ቤት» የሚል ታፔላ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ወደቀ፣ የሐኪሞቹ መጽሔትም ነገሩን ይዞ ጮኸበት። ያኔ አራት በነርስነትና በአዋላጅነት የሠለጠኑ ሴቶች ተሰባሰቡና የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያዎች ማኅበር አቋቋሙ። ያወጧቸውን የመጀመሪያ ደንቦች ሳነብ የመምህርቷ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማሳጅ አንሰጥም። ከሕክምና ጋዜጦች ውጪ ማስታወቂያ አናወጣም። ለሕመምተኛ መድኃኒት አንሸጥም። ወንዶችንም፣ ሐኪም ለይቶ ካልጠየቀ በቀር፣ አናሽም። ደንቡ ሁሉ «አን…» ነው። ስማቸውን ያዳኑት ምን እንደሚችሉ በመናገር አይደለም፣ ምን እንደማያደርጉ በመናገር ነው። ያ ማኅበር ዛሬ የብሪታንያ የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ነው። ይህን ለአጎቴ ነግሬያቸዋለሁ። «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ። ካለፈው ዝምታ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን ራሴን መሞገት አለብኝ። አለመንካት ሁልጊዜ ጥበብ ነው ወይ? ለረጅም ጊዜ ማሳጅ ካንሰርን በሰውነት ውስጥ ያሰራጫል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ ምክንያት ቴራፒስቶች የካንሰር ሕሙማንን እንዳይነኩ ይማሩ ነበር። ዛሬ ያ እምነት ተትቷል። ለብቻው የሠለጠኑ ቴራፒስቶች፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው፣ ጫናውን ቀንሰው፣ ዕጢው ያለበትን ቦታ ትተው ይሠራሉ። ስንት ሰው፣ የሰው እጅ በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ፣ «አልነካህም» ተብሎ ተመልሶ ይሆን? ሰውነቱ በመርፌና በመሣሪያ ብቻ የሚነካበትን ሰው አስቡት።

ስለዚህ የመምህርቷ ጥያቄ ሁለተኛ ፊት አለው። በዕውቀት እጅን መሰብሰብና በፍርሃት እጅን መሰብሰብ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ምክንያቱን መናገር መቻል ላይ ነው። እኔ ያን ቀን «አላውቅም» ነው ያልኩት። ለአመልካች ይበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው መልስ ቢሆን ግን ያሳፍራል። ይህን ለመምህርቷ ብነግራቸው ምን እንደሚሉ አስባለሁ። «ታዲያ ለዚህ አይደል የምትማሪው?» የሚሉኝ ይመስለኛል።

## ማን አያስነካኝም?

ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ወጥቼ ጥያቄውን ስነግረው (መንገር ነበረብኝ? አላውቅም፣ ግን ነገርኩት) ሳቅ ብሎ «የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ማን አያስነካኝም ነው» አለኝ። ወንድ ቴራፒስት ሲሆን ብዙ ደንበኛ፣ ወንዱም ሴቱም፣ «ሴት የለችም?» ይላል። ይህን እያወቀ ነው የመጣው። በቀልድ አለፈው እንጂ ቀላል ነገር አይደለም። ደንበኛ በማን እንደሚነካ የመምረጥ መብት አለው፣ ልጁም ያንን አይክድም። እኔ «እምቢ» ማለትን ልማር ነው፣ እሱ «እምቢ» መባልን ሳይከፋው መስማትን ነው የሚማረው።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ክፍል ገብቼ ማየት እችል እንደሆነ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ጠየቅኩ። የመጀመሪያው «ከተመዘገብሽ በኋላ» አለኝ። ሁለተኛው ቀን ቆርጦ ጠራኝ። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት እርስ በርሳቸው ላይ ነው። አንዱ አልጋው ላይ ይተኛል፣ ሌላው ይሠራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ይህን የማያውቅ አመልካች ብዙ ነው። የማታውቁት የክፍል ጓደኛችሁ ፊት አንሶላ ለብሳችሁ መተኛት ካልቻላችሁ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ያን ቀን ሲማሩ የነበረው አሸፋፈን ነው። የሚሠራበት የሰውነት ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው አንሶላ ሥር ይቀራል። እግር ሲሠራ አንሶላው ጭን ሥር ይጠቀለላል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ስታዩት ቀላል ነው። አንዲት ተማሪ ደጋግማ ብትሞክር አንሶላው እየተንሸራተተ አስቸገራት። መምህሩ አልተቆጣትም፣ አልጋው ላይ የተኛውን ልጅ «አንተስ ምን ተሰማህ?» ብሎ ጠየቀው እንጂ። ልጁ «እግሬን ብርድ ሲነካኝ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት» አለ። ተማሪዋ ከዚያ በኋላ አንሶላውን በሁለት እጇ ያዘች።

ሌላ አልጋ ላይ አንዲት ሴት «ዛሬ ጀርባዬን እንዲነካ አልፈልግም» አለች። ጮክ ብላ አልተናገረችም። መምህሩ «እሺ፣ እጇን ሥሩላት» ብሎ አለፈ። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። አብረዋት ያሉትም አልጠየቁም። አጨብጫቢ፣ አዛኝ፣ «ምን ሆንሽ?» ባይ አልነበረም። ሥራው ቀጠለ። እኔ ከጥግ ተቀምጬ «እዚህ ነው የምማረው» አልኩ።

## የጠየቅኩት

ይህ ስሜት ብቻውን ገንዘብ አያስከፍልም፣ ማስከፈልም የለበትም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ስለዚህ ልቤ ከወሰነ በኋላም እንደ ባዕድ ሆኜ ጠየቅኩ።

ትልቁ ጥያቄ ዲፕሎማው የት ድረስ ይሠራል የሚለው ነው። ሰዎች ይህን የሚጠይቁት ከከፈሉ በኋላ መሆኑ ይገርመኛል። የማሳጅ ሕግ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች ወደ 500 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትምህርት ይጠይቃሉ፣ ኒው ዮርክ ግን 1000 ሰዓት ትላለች። በ500 ሰዓት ተመርቆ ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቁጭ ይላል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ በአገር ደረጃ በሕግ የግድ የሆነ የማሳጅ ባለሙያ ፈቃድ የለም፣ ባለሙያው በፈቃዱ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ «ፈቃድ ያስገኛል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ «የት?» በሉ።

ሌላው የተማሪዎች ክሊኒክ ነው። ከውጭ የሚመጣ እውነተኛ ደንበኛ ላይ፣ መምህር እያየ፣ ምን ያህል ሰዓት ይሠራል? እርስ በርስ ብቻ የተለማመደ ተማሪ የሚያውቀው የወጣትና የጤነኛ ሰው ገላ ነው። ያቺ ባቷ ያበጠ ሴት ክፍል ውስጥ አትገኝም፣ ክሊኒክ ነው የምትመጣው። አናቶሚ የሚያስተምረው ማነው? ምን ያህሉ ተማሪ የፈቃድ ፈተናውን ያልፋል? ብወጣ ገንዘቤ እንዴት ይመለሳል? ይህን የመጨረሻውን በጽሑፍ ጠየቅኩ። በጽሑፍ መለሱልኝ። ያልተመለሰልኝ ጥያቄም ነበር። ተመራቂዎቻቸው ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ ሥራው ላይ እንዳለ አልያዙትም። መያዝ ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ ስለ አውራ ጣት ያን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ።

የመቀበያ ደብዳቤው ሲመጣ ሁለት ገጽ የቅድመ ንባብ ዝርዝር ተያይዞበት ነበር። አብዛኛው አጥንት ነው። የአዋቂ ሰው አጽም 206 አጥንት አለው። ከእነሱ ውስጥ 54ቱ ሁለቱ እጆች ላይ ናቸው፣ እያንዳንዱ እጅ ከነአንጓው 27። ከሩብ በላይ ማለት ነው። የእጅ አንጓን ትንንሽ አጥንቶች ወረቀት ላይ ስዬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ስካፎይድና ሉኔት ጎን ለጎን ናቸው፣ እስካሁን ይምታቱብኛል። የመጀመሪያው ፈተና ደግሞ ክፍል በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው አሉ።